ባሕሩ ላይ እንሄዳለን ያለችው ሴት

ይህ የገጠመኝ ጦርነቱ ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት በነበረ አንድ ክረምት ነው። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ብዙ እንግዳ ተቀብዬ ሸኝቻለሁ፤ የአብዛኞቹ ስም እንኳ ጠፍቶብኛል። ሄሊ ግን ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ትዝ ትለኛለች።

ሄሊ ከፊንላንድ ዋና ከተማ ከሄልሲንኪ የመጣች፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ዝምተኛ ናት። የነአኩቶ ለአብን ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አይተን ልንወጣ ስንል በረዶ ያወርደው ጀመር። እስኪያባራ ብለን ዋሻው አፍ ላይ ተቀመጥን።

አጠገባችን አባ ወልደ ሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ጠበል ሊወስዱ ከብልባላ በኩል በእግራቸው የመጡ ናቸው። ጨዋታ ይወዳሉ።

«ልጄ፣ እቺ ሴት አገሯ ወዴት ነው? እስኪ ታጫውተን» አሉኝ።

ይህን ስነግራት የሄሊ ፊት በራ። ከተማዋ ባሕር ዳር እንደሆነች፣ ፊት ለፊቷ ደሴቶች እንደተበተኑ፣ መርከቦች ገበያው አጠገብ ድረስ እንደሚመጡ አወራች። በበጋ ሌሊቱ አይጨልምም አለች። ከዐለት የተፈለፈለ፣ ጣሪያው መዳብ የሆነ ቤተ ክርስቲያንም አለን፤ የላሊበላን ወሬ ስሰማ የመጣሁት በእሱ ምክንያት ነው አለች። አባ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥላ፣ «በክረምት ደግሞ ባሕሩ ላይ በእግራችን እንሄዳለን» አለች።

ተረጎምኩት። የአባ ፊት ተለወጠ።

«በባሕር ላይ የሄደው ጌታችን ነው። ጴጥሮስ እንኳ ሊሰጥም ነበር። ታሾፍብኛለች?»

«ኧረ አባ፣ ውሃው ይረጋና እንዲህ በረዶ ይሆናል ነው የምትለው» ብዬ ደጅ የወረደውን አሳየኋቸው።

አንዲት ፍሬ አንስተው መዳፋቸው ላይ አደረጉ። ቀለጠች። «ይሄ ነው ሰው የሚሸከመው?» አሉ።

ሄሊ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ፈለገች። ያገኘችው የበጋውን ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ውሃና ጀልባ። አባ አዩና፣ «ይኸው ውሃው!» ብለው ተነሡ።

በረዶው ሲያባራ አብረውን የተጠለሉት ሰዎች የአባን መስቀል እየተሳለሙ ወጡ። ሄሊም አይታ እንደለመደችው ጎንበስ ብላ ቀረበች። አባ መስቀሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ይህን እኔ መተርጎም አላስፈለገኝም።

መንገድ ላይ፣ «ውሸታም ተብዬ አላውቅም» አለችኝ። «ክረምታችን ሲገባ ባሕሩ ላይ ቆሜ ቪዲዮ እልክልሻለሁ። ለእሳቸው አሳዪልኝ።»

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስልኩም መብራቱም ጠፋ። ኔትወርክ ሲመለስ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባ፤ የሄሊም ቪዲዮ በመካከሉ ነበር። እኔ ሳላየው ብዙ ጊዜ አልፎታል። ያን ሰሞን ደግሞ የብልባላ መንገድ አያስኬድም ነበር። ሰላም ሲሆን ጠይቄ ጠይቄ አባን ቤታቸው አገኘኋቸው።

ዓይናቸው ጠፍቷል።

«አባ፣ ያቺ የባሕር ሴት ልካለች» አልኳቸው። «በይ አሰሚኝ» አሉ።

ስልኩን ጆሯቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። ሄሊና ወንድሟ በነጩ ባሕር ላይ ይሄዳሉ፤ ኮቴያቸው ጠጠር እንደሚረግጥ ሰው ይንኮሻኮሻል። ወንድሟ በመሰርሰሪያ በረዶውን በሳው። ሄሊ ጎንበስ ብላ ከቀዳዳው ውሃ በኩባያ ቀዳችና መልሳ ስትደፋው ተንቦጫረቀ።

«ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

«ውሃ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከእግሯ ሥር ውሃ ነው። እኔ እኮ መስቀል ነው የከለከልኳት! ይቅር በይኝ በያት፣ ልጄ።»

«ራስዎ ይንገሯት» ብዬ መቅረጽ ጀመርኩ። መስቀሉን አውጥተው፣ ስልኩ ያለበትን በሌላው እጃቸው እየዳሰሱ፣ ወደ እሷ ዘረጉት።

ላሊበላ እንደገባሁ ላክሁላት። መልሱ የመጣው ከወንድሟ ነው። ሄሊ ካረፈች ከርማለች። ያን ቪዲዮ ስትቀረጽ ታማ ነበር፤ ብርዱ ይጎዳሻል ብትባልም እምቢ ብላ ነው የወጣችው። «ከላሊበላ መልስ መጣ ወይ እያለች ትጠይቀን ነበር» አለኝ።

ለአባ ነገርኳቸው። «ስሟን ደግመሽ ንገሪኝ፤ በጸሎት ላስባት» አሉ። እያሰቧት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስሟን ግን «ኤልሊ» ነው የሚሉት።

መንገዱን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም፤ ኔትወርኩንም ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም። ቢሆንም ይቆጨኛል። ሄሊ እዚህ የሆነውን አታውቅም። መልስ ሲቀርባት፣ «አይተውት እንኳ አላመኑኝም» ብላ ይሆን? ያችን ቃል ተናግራ እንደሆነ ወንድሟን ልጠይቀው ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቻለሁ። እስካሁን አልደፈርኩም።