በጭስ የጠቆረው ሎህ

ባለፈው ቅዳሜ የግቢያችንን በር ሊቀባ የመጣው ልጅ ሥራውን ጨርሶ ብሩሹን በቤንዚን ሲያጥብ ሽታው እስከ ሳሎን ድረስ ገባ። ባለቤቴ መስኮቱን ዝጋው ብላ ጮኸች። እኔ ግን ለመዝጋት ተነሥቼ መስኮቱ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ሌላውን ሰው ቤንዚን የሚያስታውሰው መኪና ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ጉራጌ አገር፣ እንሴኖ አጠገብ ያለ አንድ የሣር ቤት ነው።

ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ወልቂጤ የሥዕል መምህር ሆኜ የተመደብኩ፣ ጢሜ በቅጡ ያልጠናልኝ ወጣት ነበርኩ። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ «ተደራጁ» የሚለው ቃል ከሬዲዮም ከስብሰባም የማይጠፋበት። የተደራጀ ሁሉ ድንጋይ ይጠርባል፣ ብሎኬት ያመርታል፣ ከብት ያደልባል። እኛ ደግሞ የተደራጀነው ያረጁ የእጅ ሥራዎች ሳይበላሹ የሚቆዩበትን መንገድ ለማጥናት ነበር። ስማችን «የጥንታዊ የጥበብ ሥራዎች ጥገናና ጥናት ባለሙያዎች ማኅበር» ይባላል። ማኅተም ቀራጩ ስሙ ከክቡ ውስጥ አልገባለት ቢል «ባለሙያዎች የሚለውን ላስቀረው?» ብሎ ጠየቀን፤ ሊቀመንበራችን በጭራሽ አለች። ፈቃድ ልናወጣ የሄድንበት ቢሮ ያገኘነው ሰውዬ በበኩሉ ወረቀታችንን አገላብጦ «ጥገና ስትሉ የምን? የጄኔሬተር ነው?» አለን። ክፋት አልነበረውም፤ ጄኔሬተራቸው በእርግጥም ተበላሽቶ ነበር።

ሊቀመንበራችን አስቴር የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ከጴንጤ ቤተሰብ የተወለደች፣ ሰዓት የምታከብር፣ ያልተረጋገጠ ነገር ከአፏ የማይወጣ ሴት። ቃለ ጉባኤ ላይ «ይመስላል» የሚል ቃል ከገባ ታሰርዘኝ ነበር። ሁለተኛው ሰው ዘርጋ የታሪክ መምህር ሲሆን፣ ሥራው መቃወም ነው ብንል ሐሜት አይሆንብንም። ሦስተኛው ከድር ቡታጅራ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ አልጋና ቁም ሳጥን እየሠራ ይተዳደራል፣ የአሮጌ እንጨት ነገር ግን እንቅልፍ ይነሣዋል። ሌሎችም ነበሩ፤ መዋጮ ሲሆን የሚጠፉ፣ ፎቶ ሲሆን የሚገኙ። እኔ ጸሐፊ የሆንኩት እጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ብቻ ነው።

የማኅበር ትልቁ ሥራ ማኅበሩን ማሰባሰብ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ በአንድ ዞን ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ግን ተራራ አለ። በክረምት የተራራው መንገድ ጭቃ ሲሆን ከድር ለአንድ ስብሰባ አዲስ አበባ ገብቶ፣ አድሮ፣ በሌላው በር ወጥቶ ይመጣል። የወልቂጤዎቹ ቡታጅራ አንሄድም፣ የቡታጅራዎቹ ወልቂጤ ራቀን ሲሉ ቆይተው በመጨረሻ መሐል ላይ አረቅጥ እንሰብሰብ ተባለ። አረቅጥ ለማንም ስለማይመች ማንም አልተከፋም። ደጋ ነው፤ ጉሙ ከሰዎቹ ቀድሞ ስብሰባው ውስጥ ይገባል። ከገበያው ጥግ ያለች ሻይ ቤት ውስጥ የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ ከፊታችን አስቀምጠን፣ እጃችንን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅን፣ ስለ ምስጥና ስለ እርጥበት እንከራከር ነበር። ሕይወት ጥሩ ነበረች ማለት እችላለሁ።

ከድር የሎሁን ነገር ያነሣው እዚያ ነው። ሎህ የቁርዓን ቤት ልጆች የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ልጁ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም የዕለት ትምህርቱን ይጽፍበታል፤ በቃሉ ሲይዘው ያጥበውና የሚቀጥለውን ይጽፋል።

«አባባ ታላቅ ወንድም ነበረው» አለ ከድር። «ሸምሱ ይባላል። አንድ ቁርዓን ቤት ነው አብረው የሚማሩት። ወባ ያዘውና ልጅ ሆኖ ሞተ። ሴት አያቴ ሎሁን አላሳጥብም አለች። የልጄ እጅ ያረፈበት ነው ብላ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው ያለ።»

«ጽሑፉ ይታያል?» አለች አስቴር።

«ምን ይታያል! የዕድሜ ልክ ጭስ ነው ያለበት። ምጣድ ነው የመሰለው።»

አባቱ ሐጂ ነስሩ እንሴኖ አካባቢ የሚያርሱ፣ በርበሬም የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ከድር አታት ሆስፒታል ድረስ ወስዶ አሳክሟቸው፣ ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ እንደሚጠፋና እንደማይመለስ ነግረውታል። ሐጂ ታዲያ ከቤት ሲገቡ ልጃቸውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ ብርሃኔ ሳያልቅ የወንድሜን እጅ አሳየኝ።

አስቴር ነገሩን በኬሚስትሪ ፈታችው። የቀለሙ ሙጫ በውኃ ይሟሟል እንጂ በቤንዚን አይሟሟም፤ የጭሱ ቅባት ግን ቤንዚን ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ቤንዚን ጭሱን ወስዶ ጽሑፉን ይተዋል። ዘርጋ ድንቹን አስቀመጠ።

«ሙጫው አርጅቶ ዱቄት ሆኖ ከሆነስ?» አለ። «ጽሑፉም ጥላሸት ነው፣ በላዩ ያለውም ጥላሸት ነው። ጥጡ የትኛውን እንደሚያነሣ ማን ይነግረዋል? አንዴ ካነሣን መመለሻ የለውም። አሁን ቢያንስ እዚያ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ችግሩም ይኸው ነው። ደንባችን በድምፅ ብልጫ ይላል። አስቴር እጅ እናውጣ ስትል ዘርጋ «በአባቶቻችን ሸንጎ እጅ አይቆጠርም» ብሎ እምቢ አለ። «ሁሉም እስኪስማማ ነው የሚነገረው። ተሸናፊ ያለበት ፍርድ እነሱ ዘንድ ፍርድ አይባልም።» አስቴር ደንቡን አወጣች፤ ዘርጋ ደንቡን ማን አረቀቀው አለ፤ ያረቀቀው ራሱ ነበር። ሻይ ደጋግመን ጠጣን። ጉሙ ወርዶ የገበያው ሰው ወደየቤቱ መበተን ጀመረ፣ የመጨረሻው መኪናም ጥሩምባ ነፋ። ያን ሁሉ ሰዓት ከድር ድንች እየላጠ ሲያቀርብልን ነበር።

«አንተስ?» አለው ዘርጋ በመጨረሻ። «የአንተ ቤት አይደል እንዴ?»

«እኔ ምን እላለሁ» አለ ከድር። «ቢጠፋ አባባ ያዝናል። ሳያየው ቢታወርም ያዝናል። እናንተ ማኅበር ናችሁ፤ እኔ ልጁ ነኝ። ለልጅ ከባድ ስለሆነ ነው ወደ እናንተ ያመጣሁት።»

ዘርጋ መጀመሪያ በሌላ እንጨት ላይ ይሞከር፣ ከተሳካ እኔም አለሁበት አለ። መኪናውን ሮጠን ደረስንበት።

ከድር ከዚያው ዓይነት ዛፍ ሎህ ጠርቦ፣ የመንደሩን ልጅ በአሮጌው ዓይነት ቀለም አስጽፎበት፣ ክረምቱን ሙሉ እናቱ ቤት ከምድጃ በላይ ሰቀለው። በመስከረም ይሞከር ብለን ነበር፤ በመስቀል ሰሞን ጉራጌን ከቤቱ አውጥቶ ስብሰባ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ገና አልተወለደም። ክትፎው አልቆ፣ የአዲስ አበባው እንግዳ ተሸኝቶ፣ ሙከራውን ያደረግነው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ጥጡ ጠቁሮ ጠቁሮ ወጣ፣ ከሥሩም ፊደሉ እንደ ነበረ ተገኘ። አስቴር አልፈነጠዘችም። «ይህ የሚነግረን ስለ አዲስ ሙጫ ብቻ ነው» ብላ አስጻፈችኝ።

በዚያው ወር ወደ እንሴኖ ሄድን። በርበሬ የሚደርቅበት ጊዜ ነው፤ በየደጁ ሰሌን ላይ ቀዩ ተነጥፎ ያስነጥሰናል። ሐጂ ነስሩ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ማርሐባ፣ ግቡ ልጆቼ» አሉን። ዘርጋን በድምፁ ከሁላችን ታናሽ ነው ብለው ገምተው፣ እጁን ይዘው ቆጮና አይብ የቀረበበት ዘንድ አስቀመጡት። ሳንበላ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቤንዚን ስለሆነ እሳቱ መጥፋት ነበረበት። የከድር እናት ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። እዚህ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ ይህ ምድጃ ጠፍቶ አያውቅም አለች። ሐጂ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ውኃ አምጥታ አፈሰሰችበት። ቤቱ ወዲያው የበረደ መሰለኝ።

ከድር ሎሁን አወረደ። አስቴር በሩ አፍ ላይ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጣ፣ ጥጥ ስንጥር ላይ ጠቅልላ ከጥጉ ጀመረች። የመጀመሪያው ጥጥ ጥቁር ወጣ። ሁለተኛውም። ጭስ ይሁን ፊደል ማንም አያውቅም። ዘርጋ ማየት አቅቶት ወደ ግቢ ወጣ፤ የሚቃወም ሰው ልቡ ስስ እንደሚሆን ያየሁት ያን ቀን ነው። ብዙ ከቆየች በኋላ አስቴር እጇን አቆመችና «አለ» አለች። እንጨቱ ቡናማ ሆኖ፣ በላዩ ቀጭን ጥቁር መስመር ሲጎተት ይታያል። ከድር እያለቀሰ ይስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሎሁ አለቀ፤ ዘርጋም ተመልሶ ገባ። ሁለት ሦስት ቦታ ሳስቷል እንጂ ይነበባል። ሐጂ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ዞሩ፤ ዓይናቸው ሥር ድረስ አስጠጉት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አንድ መስመር አነበቡና ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ይኼ የሸምሱ አይደለም» አሉ።

«አባባ፣ ዓይንህ ነው…» አለ ከድር።

«ዓይኔን ተወው። ሸምሱ ይኼን ካለፈው ቆይቷል። እሱ ረጃጅሞቹ ምዕራፎች ላይ ደርሶ ነበር። ይኼ የጀማሪ ነው።» ጣታቸውን በአንዱ መስመር ላይ አሳለፉ። መስመሩ ወደ ታች የተንጋደደ ነው። «ስለዚች መስመር ሼሁ በአለንጋ መትተውኛል። ይኼ የኔ ነው።»

ሐጂ ሎሁን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ነገሩን። ሁለቱንም ሎህ አባታቸው ከአንድ ግንድ ነው የጠረቡት። እናታቸው ፊደል አያውቁም ነበር፤ ከቀብር ሲመለሱ ግድግዳው ሥር ከቆሙት ሁለት ሰሌዳዎች አንዱን አንሥተው ሰቀሉ።

«ለቅሶው ሲያልቅ የቀረውን ይዤ ቁርዓን ቤት ገባሁ» አሉ። «ሼሁ ‹እጠብና አዲስ ጀምር› አሉኝ። አላየሁትም። ልጅ ነኝ፤ ከጓደኞቼ በመገናኘቴ ደስ ብሎኛል። አጠብኩት።»

ደግሞም እንዲህ አሉ፦

«ያጠብንበትን ውኃ መሬት አንደፋም ነበር። እንጠጣዋለን፤ ትምህርቱ ሆዳችን እንዲገባ። የሸምሱን እኔ ነኝ የጠጣሁት።»

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉት እንጂ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ቀድማ የተናገረችው አስቴር ናት። የምትለው ሲጠፋት ወደ ሥራ የምትመለስ ሴት ስለነበረች፣ ሐዘኗን የገለጠችው በዚያው መንገድ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«ሐጂ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ የማን እንደሆነ መጻፍ አለብን። የእርስዎ ነው እንበል?»

ሐጂ ነስሩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ጽፌ ረስቼዋለሁ» አሉ። «ሸምሱም አልነካውም። እሷ ናት እስክትሞት ድረስ ጧት ማታ ቀና እያለች ስታየው የኖረች። የእናቴ ነው ብላችሁ ጻፉ።»

ጻፍኩ። ሐጂም ሎሁን ለዘርጋ ሰጥተው ከነበረበት መልሰህ ስቀልልኝ አሉት። ጭሱ መልሶ ይሸፍነዋል ልንላቸው አፋችን አልታዘዘንም። ዘርጋ በርጩማ ላይ ወጥቶ ሰቀለው፤ የከድር እናትም ከጎረቤት ፍም ለምና እሳቱን አያያዘች።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ማን እንደ ዘጋው እንኳ አላስታውስም፤ አንዱ ተዛወረ፣ አንዷ አዲስ አበባ ገባች፣ የቀረነው መንገዱ ሰለቸን። ሐጂም ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሰው አንዳንዴ «ምን ሠራችሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አንድ ሰሌዳ አጽድተን ጭስ ላይ መልሰን ሰቀልን እላለሁ። ይስቃሉ፤ አብሬ እስቃለሁ።

ብቻዬን ስሆን የማስበው ግን ስለዚያች አግኝቻት ስለማላውቅ እናት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በሞተው ልጇ ስም ቀና ብላ ስታየው የኖረችው በሕይወት ያለውን ልጅ እጅ ነበር፤ ልጁም ከሥሩ ተቀምጦ እራቱን ይበላል። አንድ ሰው ነግሯት ቢሆን ኖሮ ታወርደው ነበር? አይመስለኝም። አስቴር ብትሰማ፣ ማስረጃ የለህም ብላ ታሰርዘኛለች። እውነቷን ነው፣ የለኝም።