አሥራ ዘጠኝ መርከብ ኬላ ላይ

አሮጌ የማስቲካና የሲጋራ ካርድ እሰበስባለሁ። ድሮ፣ በእንግሊዞች ጊዜ፣ በየሲጋራው ፓኮ ውስጥ ሥዕል ያለበት ትንሽ ካርድ ይገባ ነበር አሉ፤ ከጀርባው ቁጥርና ጽሑፍ አለው። አምና ለእረፍት ድንበሩ አጠገብ አውበሬ፣ አክስቴ ጋ ሄጄ ሳለ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ባለሱቅ ይህን አመሌን ሲሰሙ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ዝገት የበላው የሲጋራ ቆርቆሮ አወጡ። አባታቸው ሃርጌሳ ሱቅ ነበራቸው፤ ውስጡ ያለው እሳቸው ልጅ ሆነው ከአጫሾች እየለመኑ ያጠራቀሙት ካርድ ነው።

"ውሰጂው፤ የኔዎቹ ከስልክ ሌላ አያዩም" አሉኝ።

በየካርዱ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ መርከብ! ሁሉም ጭስ የሚተፉ። በደስታ ላብድ ምንም አልቀረኝም።

ወደ ጅግጅጋ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ልብስ ነጋዴ ነበረች። ኬላው ሲቃረብ ከፌስታሏ አዳዲስ ድርያ ቀሚስ እያወጣች በላይ በላዩ ትደርብ ጀመር። አራት ለበሰች።

"አይሞቅሽም?" አልኳት።

"ፈታሾች የለበሱትን አይወርሱም፣ አባዮ እህቴ። የያዙትን ነው የሚወርሱት።"

እኔ የያዝኩት የሲጋራ ቆርቆሮ ነዋ! በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ እንደ ኮንትሮባንድ ሲጋራ የሚፈለግ ነገር የለም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቆርቆሮውን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ በሻርፕ ወገቤ ላይ አሰርኩት።

"ሁሉም ይውረድ!" አለች የኬላዋ ፈታሽ።

ፈታሿ ነጋዴዋ ጋ ስትደርስ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ዛሬም ወፈርሽ?"

"ወላሂ ሩዙ ነው" አለች ነጋዴዋ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። የፈታሿ እጅ ወገቤን ሲነካ ቆርቆሮው ኳ አለ።

"ይሄስ?"

ካርድ ነው ብላት ያልቅ ነበር። ታዲያ ለምን ደበቅሽው ብትለኝስ? አውጥቼ ሰጠኋት። ቆርቆሮው ላይ የተሳለውን ሲጋራ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"በዚህ ዕድሜሽ?"

"በኔ መኪና!" ብሎ ሾፌሩ ራሱን ያዘ።

አለቀልኝ አልኩ። መኪናው ይታሰራል፣ አባቴ ይጠራል፣ መርከቦቼም ከኮንትሮባንዱ ጋር ይቃጠላሉ። ፈታሿ የዛገውን ክዳን ስትታገለው ድንገት ተፈናጠረ፤ የዚያ አገር ነፋስ ደግሞ እስኪነገረው አይጠብቅም። ካርዶቹ አቧራው ውስጥ በረሩ። ተሳፋሪው በሙሉ እየሮጠ ይለቅም ጀመር፤ ነጋዴዋም በአራት ድርያዋ።

ፈታሿ አንዱን አንስታ አገላበጠችው። "ይሄ ነው ሲጋራው?"

የለቀሙትን ሲያስረክቡኝ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት። እንደገና ቆጠርኩ። የአንዷ ጫፍ ከፈታሿ ከስክስ ጫማ ስር ብቅ ብሏል።

ሾፌሩ ክላክሱን አንጫጫው። ነጋዴዋ እጄን እየጎተተች "ተርፈሻል፣ ነይ ግቢ!" ትለኛለች። እውነትም ተርፌ ነበር። አንዷን ትቼ ብሄድ ማን ያውቃል? ፈታሿ ደግሞ አሁንም እያየችኝ ነው።

"እግርዎን ያንሱልኝ" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። "መርከብ ረግጠዋል።"

ፈታሿ እባብ እንደረገጠ ሰው እግሯን አነሳች። ካርዷን በእጅጌዋ ጠራረገችና ሰጠችኝ።

መርከቧ መሃል ለመሃል የጫማ ጥርስ ታትሞባታል። ቁጥሯ ግን ይነበባል።