በላያችን ያለፈው አውሮፕላን

ከጂዳ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ከምናምን፣ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት የማይሞላ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የሐዘን ወራቴን፣ ዒዳዬን ይዤ እቤት ስቀመጥ ስልኬን ደጋግሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ አይለወጥም። እኔም አይገባኝም።

ባለቤቴ ያረፈው ከሱብሂ ሶላት በፊት ነው። ልጃችን ደግሞ የታመመ አባቷን ለመጠየቅ በዚያው ጠዋት ከጂዳ ልትነሳ ትኬት ቆርጣ ነበር። ሞቱን አልነገርናትም። መርዶ በስልክ፣ ያውም ብቻዋን ለምትሳፈር ልጅ፣ አይነገርም። ጀናዛ ደግሞ ሳይቀበር አይቆይም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ቀን ላይ ይገጥሙኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እኛን ሴቶቹን ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ ሆነው፣ «እንግዲህ ምን ይሻላል? ቀብሩ እየተቆፈረ ነው» አሉኝ።

ከእኔ በፊት ጎረቤቴ መለሰች። «አብሽሪ! ሁለቱ በረራ ሲደመር ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ወላሂ፣ ወልዲያ የሄደ ዘመድ እንኳ ከዚህ በላይ ይጠበቃል። ኮምቦልቻ ከወረደች ደግሞ እዚህ ደሴ ለመድረስ ምን አላት?»

«አንቺ፣ አውሮፕላን የሰኞ ገበያ ባጃጅ መሰለሽ?» አለቻት ሌላዋ።

ባጃጅ ባይመስለንም ሚኒባስ መስሎናል። ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ መግባት፣ ሲሞላ መሄድ። በሁለቱ በረራ መሃል ስላለው ቆይታ ማንም አልጠየቀም። ወንድምየው፣ «ከሰዓት በኋላ እስከ አስር ሶላት እንጠብቅ። ከዚያ ወዲያ መይቱን ማጉላላት ነው» ብለው ወጡ።

አጥበው ከፈኑት። ፊቱን ግን ለልጁ ብለው ሳይሸፍኑ ተዉት።

የቀትሩ የዙህር አዛን እንዳበቃ ልጄ ደወለች። ጎረቤቴ የሚያለቅሱትን ሴቶች በእጇ ዝም አሰኘች።

«እማ! አዲስ አበባ ገባሁ። ምን አየሁ መሰለሽ? የኛኑ ሐይቅን! አጠገቤ የተቀመጠችው የወሎ ልጅ ናት፣ በመስኮት አሳየችኝ። የሻይ ብርጭቆ አፍ ታክላለች። በላያችሁ እኮ ነው ያለፍኩት!»

«በላያችን?»

«አዎ! የኮምቦልቻው በረራ ግን ሄዷል፣ ሌላ እስከ ነገ የለም አሉኝ። አባ ነቅቷል?»

«ተኝቷል» አልኩ።

«ሲነሳ ሐይቅን አየች በይልኝ፣ እሺ?»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

በላያችን አልፋ እንዴት ልትርቀን እንደቻለች ዛሬም ግራ ይገባኛል። ስታልፍ አባቷ ከታች ነበር፣ እቤቱ፣ ፊቱም አልተሸፈነም። ታዲያ ደረሰች ይባላል ወይስ አልደረሰችም? ማንን ልጠይቅ?

«ምን አለች?» አሉ ወንድምየው ከመጋረጃው ወዲያ።

«ሐይቅን አየሁ አለች።»

«እሱን ተይውና፣ ለአስር ትደርሳለች ወይ?»

«አትደርስም። በአውቶቡስም አትደርስም።»

«እስከ ነገ ግን እንግዲህ...» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። የእኔን ቃል እየጠበቁ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ውሰዱት» አልኩ።

ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ሳይገቡ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ልጅህ ሐይቅን ከላይ አየሁ ትልሃለች» አልኩት። ከዚያ ፊቱን እኔው ሸፈንኩት።