በመኪና የሚመጣው አባት

ሥራ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ዕቃ ታኮ ነበር፤ ጎማ ሥር የሚገባ የእንጨት ሽብልቅ። «ዳገት ላይ ስንቆም ዘለህ ታስገባለህ። ከዘገየህ ሁላችንም ገደል ገባን» አለኝ ጣሊያኑ ሾፌር፣ በአስተርጓሚ። እኔ እኮ የቀወት አገር ግመል ጫኝ ነበርኩ። ግመሎቼን ጣሊያን ለጦር ጭነት ስለወሰደብኝ ነው የካሚዮን ረዳት የሆንኩት።

ከአዲስ አበባ ደሴ ዱቄትና ሲሚንቶ እናመላልሳለን። ሸራ ማሰር፣ ጎማ መለወጥ፣ ጣርማ በር ዳገት ላይ ሞተሩ ሲግል ውሃ መጨመር የእኔ ሥራ ነው። የምቀመጠው ከጭነቱ አናት ላይ ነበር።

ቤቴ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ መንገዱ ዳር ነው። ሚስቴ ዘሀራ የመኪና ድምፅ ስትሰማ ልጃችንን ሀሊማን አዝላ ትወጣለች። ሀሊማ ያኔ ሁለት ዓመት አልሞላትም። እኔ እጄን አወዛውዝና በጨርቅ የቋጠርኩትን ስኳር እጥልላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ሾፌሩን፣ «ልጄን አቅፌያት ልመለስ፣ ትንሽ ቁምልኝ» ብዬ ለመንኩት።

«ተከታትለን ነው የምንሄደው፤ አንዱ ከቆመ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ክልክል ነው» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም የራሱን ልጆች የሚያያቸው በፎቶግራፍ ነው።

ግን ሁሉን በጣሊያን ማላከክ አልችልም። በወር ሁለት ቀን ዕረፍት ነበረኝ። ሁለቱንም ቀን ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስፈታና ስገጥም አሳለፍኩ፤ ሾፌር ልሆን። ዘሀራ በመንገደኛ፣ «ልጂቱ መልክህን ሳታውቅ ልታድግ ነው፣ ና» ብላ ላከችብኝ። እኔም «ኢንሻአላህ በሚመጣው ወር» አልኩ። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ከዚያ ሸዋ ሮቢት ላይ መኪናችን ተሰበረ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ቀን ተሰጠኝና በማሽላው መሃል አቋርጬ ቤቴ ገባሁ።

ሀሊማ ስታየኝ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች።

«አባትሽ እኮ ነው፣ ሳሚው» አለቻት ዘሀራ።

«አይደለም። የኔ አባት በመኪና ነው የሚመጣው።»

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከአሱር ሶላት በኋላ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ሀሊማ ብድግ ብላ ወደ መንገዱ ሮጠች። ከጭነቱ ላይ ለተቀመጠው ሰው እጇን አወዛወዘች፤ እሱም አወዛወዘላት። የማላውቀው ሰው ነው፣ እንደኔው የአንዱ ሾፌር ረዳት። መኪናው ከሄደ በኋላም መሬት መሬቱን ስትፈልግ ቆየች። ስትመለስ በሩ ላይ አገኘችኝ።

«አባቴ ዛሬ ስኳሩን ረሳው» አለችኝ።

 

በሦስተኛው ቀን ታኮውን ለሾፌሩ መለስኩለት። «ሾፌር ልትሆን ትንሽ ቀርቶህ?» አለ። «አዎ» አልኩት።

ከአማቴ ሁለት ግመል ተውሼ ወደ ድሮ ሥራዬ ገባሁ። ጠዋት ስነሳ ሀሊማን ጭነቱ ላይ አስቀምጬ ወንዙ ድረስ እወስዳታለሁ፤ እናቷ እዚያ ትቀበለኛለች። አባ ብላ የጠራችኝ ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ነው።

እናንተ የዛሬ ረዳቶች፣ ዕረፍት ሲሰጣችሁ ቤታችሁ ሂዱ። ሞተሩ ሌላ ቀንም ይፈታል።