ከጫፍ ሥር የምትመልሰው ሶልቪ

ሶልቪ እምቢ ስትል ፊቷ አይቀያየርም፤ ድምጿም ከፍ አይልም። "እምቢ" ትልና ጓንቷን ታጠልቃለች፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ቄሱም ይምጡ ፖሊሱም ይምጣ፣ ወይ ፍንክች። በሊንገን ፊዮርድ፣ በተራሮች መሃል ሰርጎ በገባው ጠባብ ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ዕድሜዋን ዓሣ ስትዘለዝል የኖረችው እናቷ፣ "ይቺ ልጅ ከሆዴ ለመውጣትም አዋላጇን ስንት ሰዓት አስለምናለች" ትል ነበር።

ተራራ መሪነት ልትማር የገባች ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነበር። አብረዋት የጀመሩት ወንዶች ገና ሲያዩዋት "ምሳ ላይ ሾርባ የምታሞቅልን ተገኘች" ብለው ተሳሳቁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዋን አጥልቃ ከፊት ሆነችና ጉልበት የሚውጠውን በረዶ ቀኑን ሙሉ ለብቻዋ ስትከፍት ዋለች፤ እነሱ ምላሳቸውን አውጥተው በከፈተችው መንገድ ተከተሏት። ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባዋን ከቴርሞሷ ቀድታ ብቻዋን ጠጣች። የነሱን ማን እንዳሞቀው አልጠየቀችም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ፀሐይ የማትወጣበት ክረምት ሲለቅና ብርሃኑ ሲመለስ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶችን ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ጫፍ ትመራለች። ሽቅብ ሲወጡ እንዳያንሸራትታቸው ከስኪያቸው ሥር ጨርቅ ለጥፈው ይወጣሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ ጨርቁን ገፈው እስከ ባሕሩ ድረስ ይንሸራተታሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም እንግዳ በበረዶ ናዳ አልተነካባትም። ለዚህ ግን ማን ያመሰግናታል? ያልደረሰ ነገር አይታይማ! "አይሆንም" ብላ ሰው ከመለሰችባቸው ተራሮች አንዱ እንኳ በማግስቱ ተንዶ "ልክ ነበርሽ" ብሏት አያውቅም። ሁሉም እዚያው ተገትረው ያዩዋታል፤ እሷም መልሳ ታያቸዋለች።

አንድ ዓመት፣ ፀሐይ ለመጥለቅ ማመንታት በጀመረችበት በሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ ስድስት ጀርመኖች ተሰጧት። የሚያድሩት በወንድሟ በኤድቪን ጀልባ ላይ ነው። ጀልባው ድሮ ዓሣ ይጠመድበት ነበር። ኤድቪን አልጋና ምድጃ አስገብቶለት የእንግዳ ማደሪያ አድርጎታል፤ ጠረኑን ማስወጣት ግን አልሆነለትም። እንግዶቹንም ጀልባውንም እሷንም የሚያሰማራው የጉብኝት ድርጅት ባለቤት ሃልጌር ይባላል። ሃልጌርን ስኪ ላይ ቆሞ ሰው መምራት ያስተማረችው ሶልቪ ናት። በኋላ እሱ ቢሮ ገባ፣ በየመኪናው ላይ ስሙን አጻፈ፤ እሷ ተራራው ላይ ቀረች። አልቀናችበትም፤ ቢሮ ብትገባ ትታመም ነበር።

ከጀርመኖቹ መሃል ፎልክማር የሚባል፣ ቤት በመሥራት ኖሮ ጡረታ የወጣ ግዙፍ ሰውዬ አለ። የሁለቱም ጉልበቶቹ መገጣጠሚያ አልቋል፤ በመጸው ቀዶ ጥገና ይጠብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ተራራ የሚባል ነገር የለም ብለውታል ሐኪሞቹ። በመጀመሪያው ምሽት የሶልቪን እጅ ጨብጦ አለቅም አለ።

"እኔ የመጣሁት ለጥርሱ ነው" አላት። ጥርሱ የሚባለው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣው ሹል ተራራ ነው። "ከወጣትነቴ ጀምሮ ሳልመው ነው የኖርኩት። ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው።"

"ከፈቀደ እናየዋለን" አለችው።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። በላስቲክ ጀልባ ወደ ዳር ተሻግረው ጥርሱን ሽቅብ ያዙት። ፎልክማር ጉልበቱ እያመመው ቢሆንም እየዘፈነ ነበር የሚወጣው። ጫፉ ሥር ካለው በበረዶ የተሸፈነ ቀጥ ያለ ዳገት ሲደርሱ ሶልቪ እንግዶቹን አቁማ ብቻዋን ጥቂት ወደፊት ሄደች። ዘንጓን በረዶው ውስጥ ወጋች፣ መዘዘች። ወደ ግራ ሄዳ ደግማ ወጋች። ከዚያ ተመለሰች።

"እንመለሳለን" አለች።

"ምን?" አለ ፎልክማር ላቡን እየጠረገ።

"እንመለሳለን።"

"ጫፉ እኮ ይኸው! እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ!"

"አየሁት።"

"ምን አግኝተሽ ነው? ስንጥቅ አለ?"

"የለም።"

"ናዳ የወረደበት አለ?"

"አልወረደም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?"

"በረዶው አልጣመኝም። ይሄ ትናንት ከዚያ ማዶ ነበር፤ ሌሊት ነፋሱ ተሸክሞ አምጥቶ እዚህ አራገፈው። ከሥሩ ካለው ጋር ገና አልተስማማም። ሊሸከመን ይችላል፣ ላይሸከመንም ይችላል። 'ይችላል' በሚባል ነገር ላይ ሰው አላቆምም።"

ፎልክማር ደሙ ፈላ። "ፈርተሻል በይው!"

"አዎ፣ ፈርቻለሁ። የተቀጠርኩት ለመፍራት ነው። አሁን ስኪህን አዙር።"

ዞሩ። ቁልቁለቱ ደስ የሚል ነበር፤ ደስ ያለው ሰው ግን አልነበረም። በመንገድ ላይ ሌላው የሃልጌር መሪ ኡልሪክ አምስት እንግዶች አስከትሎ ሲወጣ አገኙት። ኡልሪክ ወጣትና ጎበዝ ነው። ከሶልቪ ጋር ጥቂት አወሩ፤ ያየችውን ነገረችው፣ ሰማት፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወጣ።

ባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቂጣና ቡናማ አይብ ሲበሉ፣ ከላይ ስድስት ነጠብጣቦች ዳገቱን አቋርጠው ጥርሱ ጫፍ ላይ ሲወጡ አዩ። ቆይተውም ነጠብጣቦቹ እየተጠማዘዙ ወረዱ፤ እልልታቸው እስከ ባሕሩ ተሰማ። አልተናደም። ቅንጣት በረዶ እንኳ ቦታውን አልለቀቀም። ፎልክማር ቂጣውን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ያ ሁሉ ሰውነት ሲንቀጠቀጥ ማየት ሶልቪን አንጀቷን በላት። አጠገቡ ሄዳ ልትቀመጥ አስባ ነበር፤ ግን ምን ልትለው? ዕቃዋን ሸከፈች።

ጀልባው ላይ ኤድቪን ድንች እየላጠ ጠበቃት። ነገሩን ሰምቷል፤ በዚያ ፊዮርድ ወሬ ከጀልባ ይቀድማል።

"እህቴ፣ ተራራውን አስቀየምሽው አሉ። 'ምን በደልኳት' እያለ ነው።"

"አንተ ድንችህን ላጥ።"

"እየላጥኩ ነው። በሱቁ በኩል ሳልፍ እንኳ 'እህትህ አረጀች እንዴ?' አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"'ስትወለድም አሮጊት ነበረች' አልኳቸው።" ሳቀ። ከዚያ ቢላዋውን አቁሞ ቀና አለ። "የምርሽን ግን ንገሪኝ፣ ይናድ ነበር?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? ስንት ዘመን ሙሉ!"

"አላውቅም አልኩህ እኮ! የሚታወቅ ቢሆንማ መሪ ለምን ያስፈልጋቸዋል?"

ኤድቪን ወደ ድንቹ ተመለሰ። ወዲያው የሶልቪ ስልክ ጮኸ።

"ሶልቪዬ" አለ ሃልጌር። ሃልጌር "ሶልቪዬ" ካለ ነገር አለው ማለት ነው። "ሰዎቹ ደውለውልኝ ነበር፤ ተቀይመዋል። አንቺን የሚያክል መሪ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ነገር እናብርድ። ዛሬ ራት ላይ 'ተሳስቼ ነበር' በያቸውና ነገ ራስሽ አውጫቸው። በቃ ይረሳል።"

"ነፋሱ እየቆመ ነው። በረዶው እስከ ነገ ከተደላደለ አወጣቸዋለሁ። 'ተሳስቼ ነበር' ግን አልልም።"

"ኡልሪክ ወጥቶ ወርዷል እኮ! አልተናደም!"

"እሰየው። እኔም ደስ ብሎኛል።"

"እና ካልተናደ መሳሳትሽ አይደለም?"

"አይደለም።"

ሃልጌር ተነፈሰ። "ሶልቪዬ" የሚለውንም ተወው። "ስሚ፣ አንድ ቃል ነው የጠየቅኩሽ። ካላልሽ ነገ ኡልሪክ ይረከባቸዋል፤ ያንቺ ሥራ ለዚህ ዓመት እዚህ ላይ ያበቃል። የከርሞውንም እንጃ።"

ቀልድ አይደለም። የሶልቪ የዓመት እንጀራ የሚጋገረው በእነዚህ ጥቂት የጸደይ ሳምንታት ነው፤ በፊዮርዱ ዳር ሃልጌርን የሚፎካከር ሌላ ድርጅት የለም። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ይህ ሥራ ከቀረ የሚጠብቃት እናቷ የቆመችበት ዓሣ መዘልዘያ ነው። የተጠየቀችው ደግሞ አንዲት ቃል፤ ሰው በቀን አሥሬ የሚላት፣ ምላስ የማትቆርጥ ቃል። ሃልጌርም ይህን አስቦ ነው የጠየቃት። የዘነጋው ነገር ቢኖር ይህችን ቃል ዛሬ ከተናገረች፣ ነገ ሌላ እንግዳ ጫፍ ሥር ቆሞ ሲጨቃጨቃት መሟገቻ እንደማይኖራት ነው። "ባለፈውም ተሳስተሽ ነበር" ይላታል፤ እሷም ያንን ፈርታ ትወጣለች። አንድ ቀን ደግሞ ይናዳል።

ራት ላይ ሁሉም የደረቀ ዓሣቸውን ከድንች ጋር ሲበሉ ሶልቪ ተነሳች።

"ፎልክማር" አለች። "በጣም አዝኜልሃለሁ። ስታለቅስ አይቼ እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ይቅርታ ግን አልጠይቅህም። ነገም እዚያው ቦታ ደርሰን በረዶው ካልጣመኝ እመልስሃለሁ።"

"ግትር ነሽ!" አለ ፎልክማር ሹካውን ወርውሮ።

"ነኝ።"

ተቀመጠችና ዓሣዋን በልታ ጨረሰች።

ጠዋት ጀልባው ከመንደሩ ማቆሚያ ሳይነሳ ሃልጌር ኡልሪክን ይዞ መጣ። እንግዶቹ ሁሉ ከጀልባው ላይ ሆነው ያያሉ። ሃልጌር ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ "እሺ ሶልቪ፣ አንድ ቃል ብቻ" አላት።

"እምቢ" አለችና ጓንቷን አጠለቀች።

ሻንጣዋን አወረደች፣ ስኪዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ኡልሪክ ዓይኗን ማየት አቅቶት የጫማውን ክር ይፈታል ያስራል። እሷ ግን ቆማ ጠራችው። "በግራ በኩል ካለው ድንጋይ ተጠግተህ ውጣ" አለችው። "አንድ በአንድ አሳልፋቸው። ካልጣመህ ደግሞ ተመለስ፤ እኔ ላይ የደረሰውን አይተህ ለመመለስ እንዳታፍር።"

"እሺ" አለ ኡልሪክ ቀስ ብሎ።

ኤድቪን ገመዱን በእጁ እንደያዘ ያያታል። "እኔስ? አልሄድም ልበላቸው?"

"ምን ቆርጦህ! ይዘሃቸው ሂድ። የተጣላሁት ከአንድ ቃል ጋር ነው እንጂ ከእንግዶቹ ጋር አይደለም።"

ቤቷ ደርሳ እንጨት ልትፈልጥ ወጣች፤ መጥረቢያው አልያዝ አላት። ተመልሳ ገብታ አቅራቢ መነጽሯን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ነጠብጣቦቹ ዳገቱን ሲያቋርጡ ትንፋሿን ያዘች፤ ጫፉ ላይ አንዱ ወፍራም ነጠብጣብ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። የመጨረሻው ሰው ባሕሩ ዳር እስኪደርስ ከመስኮቱ አልተነሳችም። ልቧ በምስጢር "ይናድ" ብሎ ተመኝቶ እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው አፉን ይዝጋ።

ሳምንቱ አልቆ እንግዶቹ የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ሶልቪ ወደ ሱቅ ስትሄድ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሻንጣቸውን ከምረው አውቶቡስ ሲጠብቁ አገኘቻቸው። ሃልጌርም እዚያው ነው፣ ሊሸኛቸው መጥቶ። መንገድ አልቀየረችም፤ አንገቷንም አልደፋችም። በመሃላቸው ልታልፍ ስትል ፎልክማር ተጣራ። ፊቱ በፀሐይ ተልጦ ቀይ ሆኗል፤ እያነከሰ ወደ እሷ መጣ።

"ወጣሁት" አላት።

"አይቼሃለሁ። እንኳን ደስ ያለህ" አለችው፤ ከልቧ ነበር።

"አልተናደም።"

"አዎ፣ አልተናደም።"

"አሁንም ተሳስቼ ነበር አትይም?"

"አልልም።"

ፎልክማር ወደ ሻንጣዎቹ ዞር አለ። የሚሄድ መስሏት እርምጃ ስትጀምር ግን ክንዷን ያዛት።

"ከርሞ ልጄ መምጣት ትፈልጋለች" አለ። "በስልክ ስነግራት ልቧ ሸፈተ።"

"ጥሩ ነዋ። ኡልሪክ ጎበዝ ነው፤ ያወጣታል።"

"ኡልሪክን አይደለም። አንቺ እንድትወስጃት ነው የምፈልገው።"

ሶልቪ ዘወር ብላ አየችው። የሚያሾፍባት መስሏት ነበር። "እኔ? እኔ እኮ ከጫፍ ሥር ነው የምመልሳት።"

ፎልክማር ወደ ጥርሱ ተራራ ቀና ብሎ አየ፣ ቀጥሎ መሬት መሬቱን አየ። የወጣው ሰው ድምፅ ጠፋና የአባት ድምፅ መጣ።

"አንድ ልጄ ናት" አለ።

ሃልጌር ሦስት እርምጃ እልፍ ብሎ የታሰረ ሻንጣ እንደገና ያስራል። ሶልቪ እንዲሰማት አድርጋ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች።

"እንግዲያው ለሃልጌር ሳይሆን ለእኔ ትደውል! ደግሞ ካሁኑ ንገራት፤ ስመልሳት ብታለቅስም አልሰማትም!"