ቀይ ወረቀት ያለቀ ለት

አክስቴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ነበረች። ተማሪው ግን "ጡሩምባ" ነበር የሚላት፤ ያቺ በእጅ የምትያዝ ድምፅ ማጉያ ስለማትለያት። ፊት ለፊቷ ደፍሮ የሚላት የለም እንጂ እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አንዱ "ጡሩምባ መጣች!" ሲል ሰማችውና፣ "ጡሩምባ እኮ የሚነፋው ሰው ይፈልጋል፣ እኔ በራሴ ነው የምጮኸው" ብላው አለፈች።

እኔን ያሳደገችኝም እሷ ነች። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ስለተውኩ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ስለ እሷ ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ስንት ዓመት ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ እደርስበታለሁ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ከዘበኛው ቤት ጎን፣ መስታወት ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። የሰሌዳው ሕግ የእሷ ነው። ነጭ ወረቀት ከተለጠፈ ስብሰባ አለ። አረንጓዴ ከሆነ የምስራች ነው፤ ውጤት ደርሷል፣ ካርድ ውሰዱ። ቀይ ከሆነ አደጋ አለ፤ መንገዱ ላይ መኪና በዝቷል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወድቋል፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ። ግማሹ ወላጅ ማንበብ አይችልም። የሚችለውም ሥራ ረፍዶበት ሲሮጥ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ቀለሙን ያያል። ቀይ ከሆነ ተሻግሮ ዘበኛውን "ጋሼ፣ ደግሞ ምን መጣ?" ይላል፣ ጋሼ ያነብለታል።

"ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቀለም ይቆጥራል" ትል ነበር አክስቴ።

ሌላው ሥራዋ የወላጅ አስተያየት ነው። ሣጥን ተሰቅሎ ነበር፣ ግን ማን ጽፎ ይክተት? ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ጠረጴዛዋን ቢሮዋ በር ላይ ታወጣለች፣ ወላጅ ይሰለፋል፣ እነሱ ይናገራሉ እሷ ትጽፋለች። ከጨረሰች በኋላ መልሳ ታነብላቸዋለች፣ እነሱም አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ። አንዴ አንዲት ልብስ አጣቢ፣ "ያ የሂሳብ መምህር ልጄን በሬ ይለዋል። በሬውን የወለድኩት እኔ ነኝ፣ እኔን ላም ማለቱ ነው?" አለች። አክስቴ እንዳለ ጻፈችው።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አይቶ፣ "ይሄን ትንሽ ቢያለሰልሱት ምናለበት?" አላት።

"የሰው ቃል ነዋ። አፉ የእሷ ነው፣ የእኔ እጄ ብቻ ነው።"

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ሊያልቅ ሲል፣ ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ አላቋርጥ አለ። የድሮው አዳራሽ የፊት ግድግዳ ተሰነጠቀ። ካርድ የሚታደለው ሁልጊዜ እዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ዘበኛው ስንጥቁ ውስጥ ቡጢውን ከትቶ ለዳይሬክተሩ አሳየው።

"በጀት ሲለቀቅ እናስጠግነዋለን" አለ ዳይሬክተሩ።

"ግድግዳው በጀት እንዲጠብቅ ማን ነገረው?" አለች አክስቴና ማስታወቂያ ልትጽፍ ገባች። መሳቢያዋን ብትከፍት ቀይ ወረቀት የለም።

"ሁለት ነበሩ እኮ! በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ!" መሳቢያውን ገለበጠችው፣ ከቁም ሣጥን ሥር በመጥረጊያ ጎረጎረች። የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩም "ሰኞ ነው የሚመጣልኝ" አላት።

ቆማ አሰበች። ነጭ ብትለጥፍ ስብሰባ ነው ብለው ችላ ይላሉ። አረንጓዴ ብትለጥፍ ግን ሁሉም ይሻገራል፣ ጋሼም ያነብላቸዋል። እንዲህ ብላ በትልልቁ ጻፈች፤ "አዳራሹ ሊፈርስ ስለሚችል ማንም እንዳይጠጋ።" አረንጓዴ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ነበር።

የመንፈቅ ማለቂያ ነው፣ ወላጁ ደግሞ ካርድ ካርድ እያለ ነው። ከማዶ አረንጓዴ ያየ ሁሉ "ደረሰ!" እያለ፣ ሰሌዳውን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ አዳራሹ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ግድግዳው ሥር ተሰልፎ ከዝናቡ ሲጠለል አክስቴ በመስኮት አየች። አንድ እግር ጫማዋ ቢሮ ቀርቶ፣ ድምፅ ማጉያዋን ይዛ ወጣች። "ከግድግዳው ራቁ! ራቁ ብያለሁ!" ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሰው ተበተነ። ከላይ ጡቦች ተንደው ወረዱ፣ አንዱ የሽንኩርት ሻጯን ትከሻ መታት። ሌላ ሰው አልተጎዳም።

ዳይሬክተሩ ጥፋቱን ከግድግዳው አንስቶ ወረቀቱ ላይ ጫነው። "ሰሌዳውን ያስረክባሉ፣ እርስዎም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ። የወላጆች አስተያየት ይሰብሰብና ስብሰባ ላይ ይወሰናል።"

"አስተያየቱን ማን ይጽፋል?" አለ ጋሼ፣ ያበጠ ጉንጩን ይዞ።

ማን ሊጽፍ፣ እሷው ነች እንጂ።

ዓርብ ተሰለፉ። የመጀመሪያዋ ያቺ ልብስ አጣቢ ነበረች። "ኧረ በሞትኩት! ስላንቺ ላንቺ እንዴት ብዬ ነው የምናገረው?"

"ስለ በሬው እንደተናገርሽው።"

ሰልፉ ሳቀ። አክስቴም ሳቀችና ብዕሯን አነሳች። እኔ ከጎኗ ቆሜ የጣት ቀለሙን ይዤላታለሁ። ቤት ውስጥ አንድ ቀን "ሰሌዳውን ከወሰዱብኝ ምን እሠራለሁ? ዕቃ ልቁጠር?" ስትል ሰምቻታለሁ። ከዚያ ሰሌዳ ሌላ የእኔ የምትለው ነገር አልነበራትም።

ሽንኩርት ሻጯ ክንዷን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች።

"ጻፊ። ይቺ ሴት አረንጓዴ ሰቅላ ልትፈጀን ነበር። ሞትን የምስራች የምትል ጸሐፊ አልፈልግም። ግድግዳው መሰንጠቁን እያወቀ በጀት በጀት ሲል የከረመውም ይጠየቅ። ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ።"

"እስቲ አንብቢልኝ።"

አነበበችላት።

"'ልትፈጀን' ነው ያልሽው?" አለች ሽንኩርት ሻጯ።

"'ልትፈጀን' ነው ያልኩት። እንዳልሽው።"

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻትና አተመች። እኔ አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ስብሰባው ሜዳ ላይ ነበር። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያነባል። የሽንኩርት ሻጯ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ። "'በማስታወቂያው ስህተት ጉዳት ሊደርስ ነበር። ጸሐፊዋን አልፈልግም።' ይላል።"

"አይልም!" ሽንኩርት ሻጯ ተነሳች። "አንድ መስመር ዘለሉ! እኔ ማንበብ አልችልም፣ የተናገርኩትን ግን በልቤ ይዤዋለሁ። ስለ በጀቱ ያልኩት የታለ?"

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ገለበጠው፣ ጀርባው ላይ ያለ ይመስል።

"የእሷን ጥፋት በትከሻዬ አይቼዋለሁ፣ አልክድም። ግን እሷው ላይ ስፈርድ አንዲት ቃል ሳትቀንስ ጽፋለች። እርስዎ ደግሞ ሰው ፊት ቀነሱ። ነገ ስለ ልጄ የምናገረውን ማን ይያዝልኝ? እሷው ትያዝልኝ! ቀይ ወረቀት ግን ግዙላት!"

ሜዳው በጭብጨባ ተደበላለቀ። የመጣው ሰውዬ ስንጥቁን ራሱ ሄዶ አየ፣ ግድግዳው በዚያው ሳምንት በትእዛዝ እንዲፈርስ ተደረገ። አክስቴም ጡረታ እስክትወጣ ቁልፉ ከአንገቷ አልወረደም።

ዛሬ ለወላጅ በስልክ መልእክት ይላካል አሉ። ስብሰባውም፣ ውጤቱም፣ አደጋውም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያሰማው። በዚያ በር ሳልፍ ባዶው ሰሌዳ መስታወት ውስጥ ፊቴን አያለሁ፣ ያ ሁሉ ሰው ከማዶ አንገቱን አስግጎ ቀለም ሲፈልግ ይመጣብኛል።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ፣ በአዲሱ ዓመት ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ አክስቴ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ቀይ ወረቀት ዘረጋች። ሁለቱን ለብቻ ለይታ ወደ እኔ ገፋቻቸው። "እነዚህ ለደብተርሽ ሽፋን። ሌላው የሰሌዳው ነው።" የቀረውን ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች። ቀና ብዬም አላየኋት።

አምና ሞተች። የስንቱን ሰው ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ የጻፈች ሴት፣ የእኔን ግን ጠይቃኝ አታውቅም። ስለዚህ እኔው ልጻፈው፤ ወረቀቶቹ ሁለት ነበሩ። ሁለቱንም ወስጄ ደብተሬን የሸፈንኩባቸው እኔ ነኝ።