የአውሬው ሌጦ

ከልጅነቴ ጀምሮ ተጸያፊ ነኝ። ሰው የጠጣበት ብርጭቆ አይጥመኝም፤ ምግብ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የአስተናጋጁን ጥፍር ነው። መድኃኒት ቤት ከተቀጠርኩ ወዲህማ ብሶብኝ በቀን ስንት ጊዜ እጄን በአልኮል እንደማሸው እግዜር ይወቀው። እንዲህ ያለውን ሰው የበሰበሰ ሌጦ ጠባቂ ያደረገው ጓደኝነት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስለሠራነው ፊልም ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል፤ ግማሹ ከሽታው ነው፣ ግማሹ ከራሴ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ነበርን። አንዱ ባንክ ቤት መስኮት ላይ የሚሠራ፣ ማንም ሳይሾመው ራሱን ዳይሬክተር ያደረገ ነው። ሁለተኛው ሰርግ የሚቀርጽ ካሜራማን ነው። ሦስተኛው ሮብ ገበያ ከምትባል የደጋ መንደር መጥቶ ከተማ ውስጥ አናጺ የሆነ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። ከሃይስኩል ጀምሮ በፍላሽ እየተቀባበልን የምናየው አንድ የውጭ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ነበር፤ ሰዎቹ በመርከብ ከኮከብ ኮከብ እየዞሩ በየደረሱበት ችግር ይፈጥራሉ። ፊልሙ ሲያልቅ እኛ አላለቀልንም። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ማኪያቶውን አስቀምጦ፣ "አንድ ክፍል እኛ እንጨምርበት፤ መርከቧ ጮቄ ላይ ትወድቃለች" አለ።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ጮቄ ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የተሞላ፣ ጉም የሚተኛበት ተራራ ነው፤ ሌላ ዓለም ነው ቢሉት ማንም አይከራከርም። ያኔ መንገዱም ሰላም ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣት ይቻል ነበር። መርከቧን ከተቀደደ የውሃ ታንከር፣ የጠፈርተኞቹን ራስ ቁር ከሞተር ሄልሜት ሠራን። የቀረን አውሬው ነበር። አውሬው ማን እንደሚሆን ለመወሰን ግን ስብሰባ አላስፈለገም፤ ሦስታችንም አናጺውን አየነው።

እሱ ወዲያው እሽ አላለም። የሚከብድ ነገር በተገኘ ቁጥር የሚጠራ ሰው ነው። ሰርግ ቤት የቢራ ሳጥን ይሸከማል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመላልሳል። በዚህም የተነሳ ካሜራማናችን በቀረጸው የሰርግ ቪዲዮ ሁሉ ውስጥ አለ፣ ግን ከጀርባው ነው። እናቱ ሮብ ገበያ ዘመድ ቤት ተጠርተው አንዱን ቪዲዮ አይተው ኖሮ፣ "የሰው ሁሉ ልጅ ፊቱ ይታያል፤ የኔ ልጅ ጀርባው ብቻ ነው" ብለው እንዳዘኑ ነገረን። እየሳቀ ነበር የነገረን፣ ግን ቀልድ አልነበረም። "እኔ አውሬ እሆናለሁ፤ መጨረሻው ላይ ግን ቆዳውን አውልቄ ፊቴ ይታይ። እናቴን አመጣታለሁ" አለ።

ዳይሬክተሩ ደረቱን መታ። "እንዲያውም የፊልሙ ቁም ነገር እሱ ይሆናል! አውሬ ነው ስንል ሰው ሆኖ ይገኛል" አለና ያንኑ ዕለት ስክሪፕቱን ቀየረው። ሁላችንም ቃል ገባን።

ፋሲካ በዋለ ማግስት ሌጦ ለቀማ ወጣን። ድሮ ከበዓል በኋላ ሌጦ ገዢዎች በየሰፈሩ እየተጣሩ ይዞሩ ነበር፤ አሁን የሚገዛ ጠፍቶ አጥር ሥርና ቦይ ውስጥ ይጣላል፣ ውሻ ይጎትተዋል። ስንጠይቅ ሰዉ "ውሰዱልን!" እያለ መረቀን። ሰባት የበግ ሌጦ ሰበሰብን። ደሙ ያልደረቀ፣ ስቡ ያልተፋቀ፣ ጭራው ላይ በጠጥ የተንጠለጠለበት ሌጦ ነበር። እኔ የመድኃኒት ቤቱን ጓንት አድርጌ በሁለት ጣቴ ነበር የያዝኩት፤ ያም ሆኖ ምሳዬን አልበላሁም።

አናጺው ሌጦውን ዘርግቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። የደጋ ልጅ ነው፤ አባቱ ደበሎ ይሠራሉ። "እኼማ እንዲህ አይሆንም። መወጠር አለበት፣ መፋቅ አለበት፣ ከዚያ ይለፋል። ለአባቴ ልውሰድለትና በሁለት ሳምንት እንደ ጨርቅ ለስልሶ ላምጣላችሁ" አለ።

ዳይሬክተሩ በድንጋጤ ብድግ አለ። "ከለፋማ ደበሎ ሆነ! ደበሎ የለበሰ ነገር ያየ የጎጃም ሰው ምን ይላል? ‘የቆሎ ተማሪ መጣ’ ብሎ ቁራሽ ይሰጠዋል እንጂ ከማርስ መጣ ብሎ ይሸሸዋል?" አለ።

ሳቅን። ይሄን ያህል ሞኞች ነበርን። ሌጦው እንደ ወጉ ከለፋ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል ብለን ፈርተን፣ ጥሬውን ገለበጥነው። ሱፉ ወደ ውስጥ ሆነ፤ ቀዩ፣ ስቡና ሥሩ ወደ ውጭ። ካሜራ ላይ ሲያብለጨልጭ በእርግጥ ከዚህ ዓለም አይመስልም ነበር። አናጺው ቅር እያለው በወስፌና በሲባጎ ሰፋው፣ እኛ ጨው ነሰነስንበት፣ አለቀ።

የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ዳይሬክተሩ "ሚስት አለኝ" አለ፣ ካሜራማኑ "ከሸተተ ስቱዲዮዬ ደንበኛ አይገባም" አለ። አናጺው የሚኖረው ከሦስት ሰው ጋር ነው። ስለዚህ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ እኔ ከተከራየሁበት ክፍል ጀርባ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን አከራዬ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ድመት ሞቶብሃል እንዴ?" አሉኝ። የመድኃኒት ቤት ሙከራ ነው ብዬ ዋሸሁ። ሽታው በመስኮት ይገባል፣ ትራሴ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሥራ ቦታ ይከተለኛል። ደንበኛ ፊቱን ባዞረ ቁጥር እኔ የሸተትኩት ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በሰላም አለፈ። ካሜራማኑ ከሰርግ ሌላ ቀርጾ ስለማያውቅ ጠፈርተኞቹ፣ ዳይሬክተሩና እኔ፣ ከመርከቧ ስንወርድ በሙሽራ አወራረድ ቀረጸን፤ መጀመሪያ ጫማችንን፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ ወደ ላይ። አውሬውንም "ትንሽ ወደ እኔ፣ ፈገግ በል" ብሎታል፤ ሌጦ ውስጥ ያለ ሰው ፈገግታው ለማን እንደሚታይ አላውቅም። በሁለተኛው ቅዳሜ ጠፈርተኞቹ አውሬውን ከግራና ከቀኝ ይዘው በዱላ የሚደበድቡበትን ቀረጽን። ከታች ያሉ ገበሬዎች ከብታቸውን ትተው መጥተው አዩን። አናጺው እየተንከባለለ፣ እያጓራ፣ ደህና አድርጎ ተጫወተ። በዕረፍት ሰዓት ግን ሦስታችን ነፋስ በሚመጣበት በኩል ተቀምጠን በላን፤ እሱን ብቻውን ከታች በኩል አስቀመጥነው። እንጀራውን በወረቀት ጠቅልዬ የወረወርኩለት እኔ ነኝ። እንደ ውሻ ነው የወረወርኩለት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ከረጢቱን ስፈታ ሌጦው ተንቀሳቀሰ። ትል ነው። በስፌቱ ዙሪያ፣ በብብቱ፣ ራስ በሚገባበት በኩል ነጭ ትል ይርመሰመሳል። ዞር ብዬ አስመለስኩ። ዛሬ ይቅር አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ይህን ብያለሁ። አናጺው ግን በቅጠል ጠረገ ጠረገና፣ "የፊቴ ቀን ዛሬ አይደለም እንዴ?" አለ። አንገቱና ደረቱ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሽፍ ብሎበት ነበር። ቅባት የሰጠሁት እኔው ነኝ። እያየሁት ትንፋሹን ውጦ ሌጦው ውስጥ ገባ።

የእኔ ሥራ ብርሃን መስጠት ነበር። ካርቶን ላይ ፎይል ለጥፈን የሠራነውን ሰሌዳ ይዤ ፀሐዩን ፊቱ ላይ እመልሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ መውረድ ሲጀምር ዳይሬክተሩ "ቶሎ! ቶሎ!" አለ። አናጺው ተንበረከከ፣ የአውሬውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ አወለቀው። ሽታው እንደ በር ተከፍቶ መጣብኝ። ፊቱ በላብና በስብ ርሷል፣ ጉንጩ ላይ ትል ተለጥፏል፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ካሜራውን ያያል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሰው ዓይን አላየሁም።

"ብርሃኑን ይዘህ ቅረብ!" አለ ዳይሬክተሩ።

"ቀርቤያለሁ!" አልኩ። አልቀረብኩም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቼ አፍንጫዬን ኮሌታዬ ውስጥ ቀብሬ ነበር፤ ሰሌዳው መሬቱን ነበር የሚያበራው።

ካሜራማኑ ትርፍ ባትሪ ከቦርሳው ሊያወጣ ሲጣደፍ ካሜራውን አቀብሎኝ "እስኪ ወጥቷል?" አለኝ። ትንሿ ስክሪን ላይ አየሁት። ከትከሻው በላይ እንደ ድስት ቂጥ ጥቁር ነው፤ አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ። አናጺው እንደተንበረከከ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ፊቴ ታየ?" አለኝ።

አልታየም ብል ሌጦውን መልሶ ይለብሳል፣ እኔም እንደገና እቀርበዋለሁ። "ታየ። ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል" አልኩት። ደስ ብሎት ሌጦውን ገፈፈና ገደል ወረወረው፤ ወንዝ ወርዶ ልብሱን ሳያወልቅ ታጠበ። ከታች ዘፈኑ ይሰማን ነበር።

ካሜራማኑ ስቱዲዮው ውስጥ ቪዲዮውን ሲከፍተው ዳይሬክተሩና እኔ አብረን ነበርን። "ይሄማ ጨለማ ነው" አለ ካሜራማኑ። ዳይሬክተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል አዘነና፣ "ቆርጠህ አውጣው፤ ድብደባው ላይ እንጨርሰዋለን፣ እሱ ራሱ ያስቃል" አለ። ለአናጺው ማን ይንገረው ተባባልን። እኔ እነግረዋለሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፣ ሰላም እለዋለሁ፣ አልነግረውም። አንድ ቀን ገብቶ "እናቴ እሑድ ትመጣለች፤ ቀሚስ አሰፍታለች። ምን ሆኜ እንደምሠራ አልነገርኳትም፤ ራሷ ትየው" አለኝ። "ጎሽ" አልኩት።

እሑድ ከሰዓት፣ ኳስ የሚታይበትን ቪዲዮ ቤት ለሁለት ሰዓት ለመንን። ሰዉ ከጠበቅነው በላይ መጣ። አናጺው አግዳሚ ከጎረቤት እያመላለሰ ስለነበር እናቱን አምጥቶ እኔ አጠገብ አስቀመጣቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አዲስ ቀሚስ የለበሱ ሴት ናቸው። እጄን ስመው "ጓደኛው ነህ አሉ፤ ተባረክ የኔ ልጅ" አሉኝ። ያ የሳሙት እጄ ቀኑን ሙሉ ከበደኝ።

ፊልሙ ተጀመረ። መርከቧ ወደቀች፣ ጫማችን ታየ፣ ሰዉ ሳቀ። እናትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "የታለ?" አሉኝ።

"ይመጣል እማማ" አልኳቸው።

እኔ ስክሪኑ ላይ ስመጣ፣ "አንተን አየሁህ! ልጄስ?" አሉ። "ይመጣል" አልኩ። አውሬው ከጅብራው መሐል ብቅ ሲል "ወይ ጉድ!" ብለው አማተቡ። ዱላው ሲጀመር ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸውም ፍርሃታቸው ለቀቃቸው፤ ጉልበቴን እየመቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "በለው! በለው እኼን ግም!" እያሉ ከአግዳሚው ብድግ ብድግ አሉ። ዞር ስል አናጺው በሩ ላይ ቆሟል። ፊልሙን አያይም፤ እናቱን ነው የሚያየው። የሚቀጥለው ፊቱ መስሎት እየጠበቀ ነበር።

አውሬው ተዘረረ። ሙዚቃ መጣ። መብራት በራ።

"አለቀ እንዴ?" አሉ እናቱ። ዙሪያቸውን አዩ። "ልጄስ የታለ? አላየሁትም እኮ!"

ዳይሬክተሩን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ካሜራማኑ ገመድ ይጠቀልላል። ያኔ ሌጦው ሳይሆን እኛ ሸተትን። "እማማ" አልኳቸው፣ "አውሬው እሱ ነው።"

መጀመሪያ የምቀልድ መሰላቸው። ከዚያ ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ሲወርድ ታየኝ። ተነስተው በሰዉ መሐል እየተጋፉ በሩ ጋ ደረሱ፣ ተንጠራርተው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ሽፍታው ገና ያልጠፋለትን አንገቱን ይዳስሱ ጀመር።

"እማየ፣ አልመቱኝም፤ ጨዋታ እኮ ነው" አለ። በእሳቸው ራስ ላይ አሻግሮ ግን እኔን ነበር የሚያየኝ።

"እኔ ግን በለው ብያለሁ" አሉት። "ልጄ፣ እኔ እኮ በለው ብያለሁ።"